አባቴ በቀትር ሲዘምር

ትንሽ ልጅ ሳለሁ አባቴን የማውቀው ከዓይኔ ይልቅ በጆሮዬ ነበር። የከርቢ ክሪክ ኳርቴት ከሚባሉት አራት ዘማሪዎች አንዱ ስለነበር ከቤቱ ይልቅ መንገድ ላይ ነው የሚኖረው። ዛሬ ቻታኑጋ፣ ነገ በርሚንግሃም፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ስሙን ማንም የማያውቀው የጆርጂያ መንደር። ቤት ሲመጣ ነጭ ሱፉን ለብሶ፣ ፀጉሩን በቅባት አስተኝቶ፣ ሳቁ ከእሱ ቀድሞ ይገባል። ብድግ አድርጎ ጣራ ያስነካኛል። ቀጭን ሪዙ ጉንጬን ይወጋኛል። ከዚያ አውቶቡሱ ይመጣና ይወስደዋል።

በየቀኑ ቀትር ላይ ግን በሬዲዮ ይመጣ ነበር።

እናቴ የካልሲ ፋብሪካ ሠራተኛ ስለነበረች ውሎዬ ከአባቴ ታላቅ እህት፣ ከአክስቴ ከዞላ ጋር ነው። ልክ ቀትር ሲሆን አክስቴ ድስቱን ከእሳት ታወርዳለች፤ እጇን በሽርጧ ትጠርግና «ነይ ኔልዳ፣ ወንድሜ መጣ» ትለኛለች። በሬዲዮ ሊዘምር ነው አትልም፤ መጣ ነው የምትለው። እኔም እንደዚያው አመንኩ። መጀመሪያ አንድ ሰውዬ የማለዳ ኮከብ ዱቄትን ያስተዋውቃል፤ ቀጥሎ ፒያኖው ይንደረደርና አራቱ ይነሳሉ። ከአራቱ አንዱ የሆነው የሚስተር ፓውንድስ ወፍራም ድምፅ ከወለሉ ሥር የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። ሁለቱ መሀል ላይ ይተቃቀፋሉ። የአባቴ ደግሞ ከሁሉም በላይ ወጥቶ፣ ነፋስ በሌለበት ቀን እንደሚወጣ ጭስ፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጆሮዬን የሬዲዮው ጨርቅ ላይ እለጥፋለሁ። ይሞቃል፤ የጋለ አቧራ ይሸታል። ሰውዬው ስለ ዱቄቱ ሲያወራ አባቴ አሁን ሥራ ፈትቷል ብዬ በጨርቁ በኩል ወሬ እነግረዋለሁ፤ የጥርሴን መነቃነቅ፣ የውሻችንን መሞት፣ እማዬ ትናንት ያለቀሰችውን።

አምስት ዓመት የሞላኝ ጸደይ ላይ እናቴ ወደ በርሚንግሃም ሄደችና ለብዙ ጊዜ እዚያው ቆየች። እኔም አክስቴ ዘንድ ከረምኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ ተመልሳ መጣችና ከአክስቴ ጋር በረንዳው ላይ ተቀመጡ። የአክስቴ ቤት በድንጋይ ምሰሶ ላይ ከፍ ብሎ የተሠራ ነው፤ እኔ ከበረንዳው ሥር፣ ዶሮዎቹ ከሚያርፉበት አቧራ ላይ ተጋድሜ ነበር። በሳንቃዎቹ መሀል የእናቴ ጫማ ሶል ይታየኛል።

«እንግዲህ ድምፁ አይመለስም በዪኛ» አለች አክስቴ።

«አይመለስም። ማንቁርቱን ነው ያወጡት። እሱ መትረፉን ተመስገን በዪ ነው ያሉኝ።»

«ኳርቴቱስ?»

«ምን ያድርጉ ዞላ፣ ዓመቱን ሙሉ ቀጠሮ ይዘዋል። ሌላ ሰው ቦታውን ይዟል።»

«እንዲህ ቶሎ?»

«አይፈረድባቸውም።»

«ለልጅቷስ ምን ትያታለሽ?»

«ምን እላታለሁ፣ አባትሽ መጣ እላታለኋ።»

ማንቁርት ማለት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ዶሮ ላይ የሚገኝ ነገር መሰለኝ። ሌላውን ግን ልቅም አድርጌ ሰማሁ። ሌላ ሰው የአባቴን ቦታ ይዟል፤ እናቴ ደግሞ አባትሽ መጣ ልትለኝ ነው።

እንዳለችውም ሆነ። አንድ ቅዳሜ ሰውዬውን ይዛው መጣች። ቀጭን ነው። ሪዝ የለውም። ሸሚዙ አንገቱ ላይ የሌላ ሰው ይመስላል፤ ከሸሚዙ በላይ ሻርፕ ጠምጥሟል። የሐኪም ቤት ሽታ አለው። አልሳቀም፣ ብድግም አላደረገኝም። «ኔልዳ፣ አባትሽ መጣ፤ ነይ ሳሚው» አለች እናቴ። ታዛዥ ልጅ ስለነበርኩ ሳምኩት። አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሊፈላ የደረሰ ውኃ የሚያሰማው ዓይነት ሲርታ ብቻ ነው፤ እሱም ከአፉ ሳይሆን ከሻርፑ ውስጥ።

ሰኞ ቀትር ላይ ሬዲዮው ሲከፈት አባቴ መጥቶ ዘመረ።

ከዚያ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልገኝ ነበር? ሰውዬው ጓሮ ነው፣ አባቴ ሬዲዮው ውስጥ ነው። አንድ ሰው ሁለት ቦታ አይገኝም። ለማንም ግን አልተናገርኩም። እናቴ ይህን ያህል ተጨንቃ የምትዋሸው ምክንያት ቢኖራት ነው ብዬ ተውኩት። አባቴን ሁልጊዜ አንተ ነበር የምለው፤ ይህን ሰው ግን እርስዎ አልኩት። እናቴ «ሕመሙ አስፈርቷት ነው፣ ይለቃታል» ስትል ሰምቻለሁ።

ነገሩን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ኳርቴቱ መንገደኛ ስለነበር አባቴ ከመታመሙ በፊት ለብዙ ወራት የሚበቃ መዝሙር ሸክላ ላይ ቀድቶ ለሬዲዮ ጣቢያው ሰጥቶ ነበር። ዱቄት ሻጮቹም የከፈሉበት እስኪያልቅ ያጫውቱታል። ለነገሩ አባቴ ደህና በነበረበት ጊዜም ቢሆን፣ እኔ ጨርቁ ላይ ተለጥፌ ስለ ጥርሴ ሳወራው፣ እሱ ምናልባት አውቶቡስ ውስጥ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተኝቶ ነበር።

እናቴ ወደ ፋብሪካዋ ተመለሰች፤ አክስቴ ዘንድ መዋሌም ቀረ፤ እኔና ሰውዬው ብቻችንን ቀረን። ቤቱ ዝም አለ። ሲፈልገኝ ሁለት ጊዜ ያጨበጭባል፤ እንደ ዶሮ የተጠራሁ እየመሰለኝ እሄዳለሁ። ምሳችን የበቆሎ ዳቦ በአሬራ የተፈተፈተ ነው፤ ሌላ ነገር አልዋጥ ይለዋል። ማታ ማታ እናቴ ፊቷን ፊቱ ላይ ልታጋጭ እስክትደርስ ተጠግታ ከንፈሩን ታያለች፤ ሲያነጋግራት «እህ... እህ» ትላለች። እኔ የሚሾካሾኩብኝ ይመስለኝ ነበር። ሦስታችን አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን ሦስት ቤት ያለን እንመስል ነበር።

ያስገረመኝ የቀትሩ ነገር ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ሬዲዮውን ራሱ ይከፍትልኛል፤ ወንበሬን ያስጠጋልኛል፤ ፒያኖው ሳይጀምር ግን መዶሻውን ይዞ ወደ ዶሮ ቤቱ ይወጣል። አባቴ እየዘመረ ሰውዬው ውጭ ምስማር ይመታል። አባቴን ፈርቶ ነው እል ነበር። የሰው ቦታ የወሰደ ሰው የባለቤቱን ድምፅ ሲሰማ ቢሸሽ ምን ይገርማል? ዛሬ ሳስበው ለእኔ ሲል ይከፍተው ነበር፤ ለራሱ ሲል ይወጣ ነበር።

እናቴ ደግሞ መዝሙር ጠላች። የሸክላ ማጫወቻውን ከነሸክላዎቹ ብርድ ልብስ አልብሳ አልጋ ሥር ከተተችው። ድሮ ልብስ ስትተኩስ ታንጎራጉር የነበረችው ሴት አሁን ሬዲዮው ላይ ኳርቴት ከመጣ ሄዳ ትዘጋዋለች። አባቴን የረሳችው መሰለኝ። እንግዲህ የሚያስታውሰው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ በሆዴ ያዝኩት፤ ለአምስት ዓመት ልጅ ከባድ ሸክም ነው።

ነሐሴ ላይ ኳርቴቱ በቤተ ክርስቲያናችን ዓመታዊ የመዝሙር ቀን ላይ ሊዘምር እንደሚመጣ ተሰማ። እሑድ ጧት እናቴ የተጠበሰ ዶሮዋን በጨርቅ እየጠቀለለች «ኸርሸል፣ ግድ የለም፣ ዘንድሮ እንቅር» አለችው። ሰውዬው ራሱን በእምቢታ ወዘወዘ። ከቁም ሣጥን ሱፍ አውጥቶ ለበሰ፤ በጣም ሰፍቶታል። እኔ ግን ከደስታዬ ብዛት ጫማዬን አሳስቼ ነው ያደረግሁት። አባቴን በአካል ላገኘው ነው።

የበላነው ከኦክ ዛፎቹ ሥር ከተዘረጉት ረጃጅም ጠረጴዛዎች ላይ ነው። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባን። መስኮቶቹ በሙሉ ተከፍተው ሙቀቱ አልቀነሰም፤ ሴቶቹ በካርቶን ማራገቢያ ይራገባሉ፤ የላብና የሽቶ ሽታ ተደባልቋል። አራት ነጭ ሱፎች በጎን በር ገቡ። ቆጠርኳቸው። በአባቴ ቦታ ጆሮው የቀላ ጎረምሳ ቆሟል።

ሚስተር ፓውንድስ መዝሙሩ ሳይጀመር ወደ እኛ ወንበር መጣ። በሩን የሚሞላ ሰው ነው። ሰውዬውን አቀፈው፤ እንደተቃቀፉ ቆዩ፤ ሁለቱም ምንም አላሉም። ዝምታው የሚጋባ በሽታ መሰለኝ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረ።

«ኔልዳ፣ አንቺ ልጅ፣ ምን እየመገቡሽ ነው? እኔን ልታክይ እኮ ነው።»

«አባቴስ?» አልኩት።

እናቴን አያት። «ይኸው አይደል እንዴ፣ የኔ ልጅ» አለና ትልቅ እጁን የሰውዬው ትከሻ ላይ አደረገ።

እሱም አለበት ማለት ነው። ትልልቆቹ ሁሉ ተማክረዋል። አባቴ ሬዲዮ ጣቢያውን የሚጠብቅለት ሰው አጥቶ ነው የቀረው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

መዝሙሩ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እንኳን ሐዘኔን ስሜንም አስረሳኝ። በሬዲዮ የሚሰማው ለካ ጥላው ነው። በአካል ሲሆን ወንበሩ ይርገበገባል፤ ድምፁ በእግርህ ገብቶ ደረትህ ውስጥ ይቀመጣል። ሚስተር ፓውንድስ እየወረደ፣ እየወረደ፣ ከዚህ በታች የለም ሲባል አንድ ደረጃ ደግሞ ሲወርድ ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። አንዱ ሽማግሌ «እዚያው ቅር!» ብለው መሀረባቸውን አውለበለቡ። ጎረምሳውም ጎበዝ ነበር፤ ቅር እያለኝ አመንኩ። አክስቴ ዞላ ከፊታችን ተቀምጣ እግሯ ወለሉን ይመታል፤ ፊቷ ግን በእንባ ርሷል።

ከዚያ «የማዶው ሰፈር» የሚባለውን ጀመሩ፤ የአባቴን መዝሙር። ሦስቱ «ገና ነኝ መንገድ ላይ» ይላሉ፣ ከላይ ያለው ብቻውን «እደርሳለሁ» ብሎ ይመልስና ድምፁን ይዞት ይቆያል። ጎረምሳው አፉን ሳይከፍት ሰውዬው ተነስቶ በኋላ በር ወጣ። እናቴ ዓይኗን ከመድረኩ አልነቀለችም። እኔ በወንበሮቹ ሥር ሾልኬ ተከተልኩት።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ በአውቶቡሱ ጥላ ሥር አገኘሁት። ፊቱን ወደ አውቶቡሱ አዙሮ ቆሟል። ሻርፑን ፈትቶታል። አፉ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል፤ ደረቱ ይነሳል፤ ጉሮሮው ላይ ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ትንፋሹ ይወጣል፤ ረጅም፣ አጭር፣ አጭር፣ ረጅም፤ በመስኮቱ ከሚመጣው መዝሙር ጋር እኩል። «እደርሳለሁ» ላይ ጎረምሳው ድምፁን ይዞ ቆየና ለቀቀ። የሰውዬው ትንፋሽ ግን አሁንም ይወጣል፤ ጎረምሳው ካቆመ በኋላም ይወጣል።

አልፈራሁም። አሳዘነኝ እንጂ። መዘመር እየፈለገ የማይችል ሰው ሆኖ ነው የታየኝ።

«እንደሱ አይደለም» አልኩት።

ደንግጦ ዞረና ጉሮሮውን በእጁ ሸፈነ።

«እኔ አውቀዋለሁ። ላሳይዎት?»

መልስ አልጠበቅሁም። ቀና ብዬ የአባቴን ድምፅ ዘመርኩ፤ በየቀትሩ ጨርቁ ላይ ተለጥፌ እንደሰማሁት። ሰውዬው ቁጢጥ ብሎ ፊቴን ተመለከተ። «እደርሳለሁ» ስል ጣቱን አነሳ። ከፍ አደረግሁ። አሁንም አነሳ። ጨመርኩ። ትክክለኛው ቦታ ላይ ስደርስ ጣቱን አጠፈና ጡጫውን አየር ላይ ያዘው፤ እስኪለቀው ድረስ እኔም አልለቀቅሁም። ደገምነው። ለማይችል ሰው ጆሮው ጥሩ ነው ብዬ ተደነቅሁ።

«አይዞዎት፣ ይለምዱታል» አልኩት።

ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ይስቅ ነበር። ዛሬም ይስቅ ነበር ብዬ ነው የማስበው።

ከዚያ ወዲህ ወዳጆች ሆንን። ምስማር ሲመታ አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ እኔ እዘምራለሁ፣ እሱ በጣቱ ከፍ ዝቅ ያደርገኛል። ወደድኩት። የአባቴን ቦታ የወሰደ ሰው መውደድ ደግ እንዳልሆነ ስለሚሰማኝ ቀትር ላይ ለአባቴ ስለ እሱ አልነግረውም ነበር።

ቅጠሉ ሁሉ በረገፈበት ሰሞን አንድ ቀትር ዱቄት ሻጩ አዲስ መዝሙሮች ይዘናል አለ። ፒያኖው ጀመረ፤ አራቱ ተነሱ። ከላይ የወጣው ድምፅ የዚያ ጆሮው የቀላ ጎረምሳ ነበር። በማግስቱም እሱ ነው። በሦስተኛው ቀንም። ጆሮዬን ጨርቁ ላይ ብለጥፍ፣ ብጠራው፣ አባቴ የለም። መምጣት ያቆሙ ሰዎች ምን እንደሚሆኑ አውቃለሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የክረምቱን እሳት ያነዱልን የነበሩት ሽማግሌ እሑድ እሑድ መምጣት ያቆሙት ሞተው ነው።

ዶሮ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እናቴ አላለቀሰችም፤ ማንም ጥቁር አልለበሰም፤ ማንም ወጥ ሠርቶ አላመጣም። አባቴን ለብቻዬ ቀበርኩት ማለት ይቻላል። እሱ ግን በዚያች ሰዓት ወጥ ቤት ቆሞ የእኔን ምሳ ያሞቅ ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ ጠረጴዛው ላይ ስኳር ድንች እየላጥን ነበር፤ እሱ ይልጣል፣ እኔ ልጣጩን እሰበስባለሁ። ከዚያ በላይ ብቻዬን ልይዘው አልቻልኩም።

«አንድ ነገር ልንገርዎት? ለእማዬ እንዳይነግሩ።»

ራሱን ነቀነቀ።

«አባቴ ሞቷል።»

ቢላው ቆመ።

«ቀትር ላይ መምጣት ትቷል። ሌላ ሰው ቦታውን ይዟል።» ከዚያም እንዳያዝንብኝ ብዬ «እርስዎን ማለቴ አይደለም፣ እዚያ ማለቴ ነው» አልኩና ሬዲዮውን አሳየሁት።

ለረጅም ጊዜ አየኝ። እርስዎ ስለው የከረምኩበት፣ ሲያቅፈኝ እንደ እንግዳ ልጅ ቀጥ የምልበት ምክንያት፣ ሁሉም ነገር በዚያች ደቂቃ የገባው ይመስለኛል። አፉን ከፈተ፣ ደረቱን ደጋግሞ መታ፤ እኔ ግን ምን ሊለኝ እንደፈለገ አልገባኝም። በጣቱ ጠረጴዛው ላይ የሆነ ነገር ሊጽፍ ጀመረና ማንበብ እንደማልችል ትዝ ብሎት ተወው። ተነስቶ መኝታ ቤት ገባ። ማጫወቻውን ከአልጋ ሥር ሲጎትት ሰማሁ።

ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። የሸክላው ልባስ ላይ አራቱ በነጭ ሱፍ ቆመዋል። ባለ ሪዙን በጣቱ አሳየኝ፤ ከዚያ ራሱን አሳየኝ። አንገቴን በእምቢታ አወዛወዝኩ። ማንም ማንንም ማሳየት ይችላል።

መርፌውን አስቀመጠና ፊት ለፊቴ ተንበረከከ፤ ዓይናችን እኩል ሆነ። ሻርፑን ፈታ። ሸክላው ትንሽ እየተንጣጣ ዞረ፤ ፒያኖው ጀመረ፤ ሦስቱ «ገና ነኝ መንገድ ላይ» አሉ። አባቴ «እደርሳለሁ» ሲል የሰውዬው አፍ ተከፈተ።

አልቀደመም፣ አልዘገየም። ድምፁ ሲነሳ ቅንድቡ ይነሳል። ድምፁ ትንፋሽ ሲስብ የጉሮሮው ቀዳዳ ትስባለች። ሁለተኛው ዙር ላይ፣ ከዚያች ቃል በፊት፣ አባቴ እንደ ሳግ ያለች ነገር ነበረችው፤ በሬዲዮም ሁልጊዜ እጠብቃታለሁ። ሳጓ ከመሰማቷ በፊት የሰውዬው ጉሮሮ ንቅንቅ አለ። ማጫወቻውን አየሁ፣ አፉን አየሁ፣ ተመልሼ ማጫወቻውን አየሁ። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ከየትኛው እንደሚወጣ ጠፋኝ።

«አንተ ነህ?» አልኩት።

አፉን ሳይዘጋ ራሱን ነቀነቀ፤ መዝሙሩ አላለቀም ነበር።

አለቀስኩ፤ ከደስታ ብቻ አይደለም። ይህ ሰው አባቴ ከሆነ፣ በየቀትሩ ይመጣ የነበረው አባቴ አይደለም። የጥርሴን፣ የውሻዬን፣ የእናቴን ለቅሶ በጨርቁ በኩል ስነግር ማንም አልሰማኝም። አንዱን ሳገኝ አንዱን አጣሁ፤ ያጣሁት ደግሞ ሚስጥረኛዬን ነው። አቅፎኝ ሳለ ያንን ሁሉ እንደገና ከመጀመሪያው ነገርኩት። አንድም ቃል ሊመልስልኝ አልቻለም። ሸክላው ሲያልቅ እጁን ሰዶ መርፌውን ወደ መጀመሪያው ይመልሰዋል። ስንት ጊዜ እንደመለሰው አላውቅም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እናቴ አለመምጣቷ ትዝ አለን። በሩን ስከፍት በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጣለች፤ የምሳ ዕቃዋ ጭኗ ላይ፣ ካፖርቷ እስከ አንገቷ ተቆልፎ፣ አፍንጫዋ በብርድ ቀልቶ።

«ለምን አልገባሽም?» አልኳት።

«ደክሞኝ ነው» አለች፤ ተነስታ ገባችና ስኳር ድንቹን ጣደች።

አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ኖረ። እኔን ዳረ፤ በሠርጌ ላይ የዘመሩትን ልጆች ከኋላ ቆሞ በጣቱ ከፍ ዝቅ ሲያደርግ አይቼዋለሁ። ከቀበርነው በኋላ በአንዱ ክረምት፣ ከእናቴ ጋር ሳህን እያጠብን፣ ያን ቀን ለምን ውጭ እንደተቀመጠች ድጋሚ ጠየቅኋት። ታስታውሳለች ብዬ አልነበረም።

ሳህኑን አድርቃ አስቀመጠች። «ከመንገዱ ጀምሮ ይሰማኝ ነበር» አለች። «ሸክላው እንደሆነ መቼ ጠፋኝ? ራሴ አይደለሁ የደበቅሁት? እያወቅሁም በሩን መክፈት አቃተኝ። ከውጭ ሆኖ ሲሰማ እኮ፣ ኔልዳ፣ ቤት ውስጥ የሚዘምር ባል ነበረኝ።»